ስመ ጥሩው የቢሲክሌት ተወዳዳሪ አልበርት ሪሽተር

አልበርት ሪሽተር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1912 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተወለደ። ከአባቱ የጀሶ ምስል መቅረጽን ተማረ፤ ልቡ ግን ወደ ቢሲክሌት እሽቅድድም አዘነበለ። ኤርንስት በርሊነር የሚባል አይሁዳዊ መሪና አማካሪ ሆነለት። በ1932 ዓ.ም. በሮም ከተማ የዓለም አማተሮችን በአጭር ርቀት አሸነፈ፤ ከ1933 እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስም በአገሩ ላይ የሚቀድመው አልተገኘም።

ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በርሊነር በ1937 ዓ.ም. ወደ ሆላንድ ተሰደደ። ሪሽተር ግን ወዳጁን አልካደም፤ በ1934 ዓ.ም. በሃኖቨር ሌሎች እጃቸውን ለሂትለር ሰላምታ ሲያነሡ እርሱ ሳያነሣ ቀርቶ ነበር። በ1939 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን ወደ ስዊስ ሲሻገር ተያዘ። በቢሲክሌቱ ጎማ ውስጥም የአንድ ስደተኛ አይሁዳዊ ነጋዴ ገንዘብ፥ 12,700 ማርክ፥ ተገኘበት። ከጥቂት ቀን በኋላ በሎራኽ ወህኒ ቤት ሞተ፤ ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። ባለሥልጣኖቹም ስለ አሟሟቱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ወሬ አወሩ።

ያን ጊዜ ስሙ ለዘለዓለም ተፍቋል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ዛሬ ግን የኮሎኝ የቢሲክሌት መወዳደሪያ ሜዳ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሕይወት የምንረዳው፥ ፍጥነት ሜዳልያ ሲያስገኝ፥ ታማኝነት ግን ስምን ከመቃብር በላይ የሚያኖር መሆኑን ነው።