ሌዮን ቴረሚን

ሌዮን ቴረሚን (የሩስኛ ስሙ ሌቭ ሰርጌየቪች ቴርመን፤ እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1993) ሩሲያዊ የፊዚክስ ሊቅና የፈጠራ ሰው ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው እጅ ሳይነካው በሚጫወቱትና በስሙ በሚጠራው የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ ነው።

የተወለደው በሴንት ፒተርስበርግ ነው። መሣሪያውን በ1920 ሠርቶ በ1922 ለሌኒን አሳየ። መሣሪያው ሁለት አንቴናዎች አሉት። ተጫዋቹ እጁን ወደ አንደኛው ሲያስጠጋ ድምፁ ይቀጥናል፤ በሌላው ድምፁን ያጎላል ወይም ይቀንሳል። ይህም የሚሆነው እጅ በአንቴናው ዙሪያ ያለውን የኤሌክትሪክ መስክ ስለሚለውጥ ነው። ዛሬ የስልክ ስክሪን የጣትን ንክኪ የሚለየው በተቀራራቢ መንገድ ነው።

ቴረሚን በ1927 ወደ አሜሪካ ሄዶ በሚቀጥለው ዓመት የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። አርሲኤ የተባለው ኩባንያ 500 ያህል መሣሪያዎች ቢያመርትም ገበያው አልቀናም። ቴረሚን በኒው ዮርክ ሳለ የዳንሰኛን የሰውነት እንቅስቃሴ ወደ ዜማ የሚለውጥ መድረክም ሠርቷል።

በ1938 ወደ ሶቭየት ኅብረት ተመለሰ፤ በማግስቱ ዓመት ታስሮ ወደ ኮሊማ ተላከ። ኋላም እስረኛ ሊቃውንት በሚሠሩበት ቤተ ሙከራ ያለ ባትሪ የሚሠራ የድምፅ መስለያ ፈለሰፈ። መስለያው በሞስኮ የአሜሪካ አምባሳደር ቤት በስጦታ ስም ገብቶ እስከ 1952 ሳይታወቅ ቆየ። ቴረሚን በ1947 የስታሊን ሽልማት ተሰጠው።

በአሜሪካ የእርሱን መሣሪያ እየሠራ የጀመረው ሮበርት ሙግ በኋላ በሲንተሳይዘር ታዋቂ ሆነ። ቴረሚን በሞስኮ በ97 ዓመቱ አረፈ።