የሻምበል ዦርዥ ጊነሜር ታሪክ

ዦርዥ ጊነሜር በፈረንሳይ ዋና ከተማ በፓሪስ በ1887 ዓ.ም. ታኅሣሥ 16 ቀን ተወለደ። ዘመኑን የምንጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ በእነርሱ ግን ዕለቱ የልደት ዋዜማ ነበረ። አባቱ አስቀድሞ የጦር መኰንን፣ በኋላም የታሪክ ጸሓፊ የሆነ ሰው ነው። ልጁ በኮምፒዬኝ ከተማ አደገ፤ ሰውነቱ ቀጭን፣ ጤናውም ደካማ ስለ ነበረ በብዙ ጥንቃቄ አሳደጉት።

በ1906 ዓ.ም. መጨረሻ ታላቁ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወታደር ለመሆን ቢቀርብ፣ መርማሪዎቹ ጉልበቱ ለጦር አይበቃም ብለው ሁለት ጊዜ መለሱት። እርሱም መሣሪያ መያዝ ቢከለከል የያዙትን ላገልግል ብሎ፣ በኅዳር 1907 ዓ.ም. ፖ በሚባል ከተማ በአይሮፕላን ማስተማሪያ ሰፈር የመካኒክ ተማሪ ሆኖ ገባ። ከመካኒክነት ወደ ነጂነት ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 12 ቀን የመጀመሪያውን የጠላት አይሮፕላን ጣለ። የጭፍራው ምልክት ሽመላ ነበረ። በሁለት ዓመት ውስጥ የጣላቸው 53 ተቈጠሩ፤ በ1909 ዓ.ም. ግንቦት 17 ቀን ብቻ አራት ጣለ። እርሱም በቬርደን ጦርነት ቈስሏል፤ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ደግሞ የገዛ ወገኑ መድፍ ሳያውቅ መቶት ከሰማይ ወድቆ በሕይወት ተረፈ።

ከዚህ ሁሉ ድል ይልቅ የሚደነቅ አንድ ነገር አለ፤ የመሰከረውም ጠላቱ ነው። ኡዴት የሚባል ጀርመናዊ ነጂ ከጊነሜር ጋር ብቻ ለብቻ ሲዋጋ መትረየሱ ነክሶ እንቢ አለው። በጡጫ ሲደበድበው ጊነሜር አየ። ሊገድለው ሲችል በላዩ አልፎ በእጁ ሰላምታ ሰጥቶት ሄደ። መትረየሱ የነከሰው የእርሱም ነው የሚሉ አሉ፤ ኡዴት ግን ምሕረት መሆኑን አምኖ በመጽሐፉ ጻፈው። ምሕረትን ከተቀበለው ሰው ይልቅ ማን ያውቃታል?

በመጨረሻው ክረምት ድካሙ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። አባቱ ዕረፍ ብሎ ቢመክረው፣ ሁሉን ያልሰጠ ሰው ምንም እንዳልሰጠ ይቈጠራል ብሎ እንቢ አለ። በ1910 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን፣ በዘመነ ማርቆስ መግቢያ፣ በአገራችን የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሲከበር፣ እርሱ ከአንድ ባልንጀራው ጋር ወደ ቤልጅግ ሰማይ ወጣ። በፑልካፔለ መንደር አጠገብ አንድ የጠላት አይሮፕላን ሊመታ ወረደ። ባልንጀራው ሌሎች ጠላቶችን ሊመልስ ዘወር ብሎ ቢመለስ አጣው። ዕድሜው 22 ዓመት ነበረ።

የፈረንሳይ ልጆች በትምህርት ቤት ከፍ ብሎ ሲበር መውረድ አቃተው ተብሎ ተነገራቸው። ፍቅር ያናገረው ቃል ስለ ሆነ አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ሞትን ሳያዩ የተወሰዱት ሔኖክና ኤልያስ ናቸው። ጀርመኖች እንዳስታወቁት ወታደሮቻቸው ሬሳውን ራሱን ተመትቶ አግኝተው ነበር፤ የመድፍ ጥይት እንደ በረዶ ሲወርድበት ሳይቀብሩት ሸሹ፤ መሬቱም ታርሶ ሬሳውን ዋጠው። በ1915 ዓ.ም. በመንደሩ ውስጥ በላዩ ሽመላ ያለበት ሐውልት ቆመለት። መቃብር ግን የለውም።