ትምህርት አልገባው ያለ ልጅ

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን የቦረና ሰው በደራሲነታቸው ያውቃቸዋል፤ በዓላቸውም ሐምሌ 7 ነው። ልጅ ሳሉ ግን ትምህርት አይዘልቃቸውም ነበር።

የተወለዱት በ1357 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን የተማሩ ካህን ስለነበሩ ልጃቸውን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አስገቡ። ገድላቸው እንደሚለው፣ ሰባት ዓመት ተቀምጠው ምንም አልገባቸው አለ፤ መምህሩም ወደ አባታቸው ሰደዷቸው። አባትየው ግን አንዴ ለገዳም የሰጡትን ልጅ መልሰው ለመውሰድ እሺ አላሉም። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ለማኅበሩ እህል መፍጨት ሆነ። የድንጋይ ወፍጮ ምን እንደሚያደክም እናቶቻችን ያውቁታል። በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሱ ሲለምኑ ኖረው ጽዋዐ ልቡና እንዳጠጣቻቸው ገድሉ ይተርካል። አርጋኖን፣ ሰዓታት፣ መጽሐፈ ምሥጢር ከዚያ በኋላ መጡ። የዐፄ ዳዊትን ልጆች እንዳስተማሩም ይነገራል። በ1417 ዓ.ም. አረፉ።

እኔን ከተአምሩ ሌላ የሚገርመኝ ያ ሁሉ ዓመት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ እኩል አይነዳም፤ እያንዳንዱ መምህሩ ፊት ቀርቦ ከደረሰበት ይቀጥላል፣ የበረታው የዘገየውን ያስጠናል። ክፍል መውደቅ የሚባል ነገር የለም። አሁን ባለው ትምህርት ቤት ግን ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ ወይ አልፏል ወይ ወድቋል።

ማኅበራችን ለአባላት ልጆች ደብተር ሲገዛ ዝርዝሩን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ክፍል የደገመ ልጅ ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ገንዘቡ ጥቂት ስለሆነ ሐሳቡ ይገባኛል። የሚወሰነው በመጪው ስብሰባ ነው። እኔ የደገሙትን ስም ሳላወጣ ዝርዝሩን ይዤ እቀርባለሁ።