ጊዜውን በትዕግሥት የጠበቀ ብላቴና
(የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ታሪክ)

የተወደዳችሁ ሕፃናት! ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ? አንዳንዶቻችሁ ሐኪም፣ አንዳንዶቻችሁ መምህር፣ አንዳንዶቻችሁም ካህን ለመሆን ታስቡ ይሆናል። ማሰባችሁ መልካም ነው። ነገር ግን ያሰባችሁት ነገር በፈለጋችሁት ቀን ሳይሆን ቢቀር ምን ታደርጋላችሁ? ዛሬ የሀገራችንን የመጀመሪያ ጳጳስ የቅዱስ ፍሬምናጦስን ታሪክ ትማራላችሁ። እናንተ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በሚለው ስም ታውቁታላችሁ። ታሪኩን በማስተዋል አንብቡ፤ መልሱን ታገኙበታላችሁ።

የፍሬምናጦስ ሀገር ጢሮስ ነበረች። ጢሮስ ዛሬ ሊባኖስ በምትባለው ሀገር፣ በባሕር ዳር የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ሜሮጵዮስ የተባለ ዘመዳቸው ፍሬምናጦስንና ወንድሙን ኤዴስዮስን ይዞ ሩቅ ሀገር ለማየት በመርከብ ተጓዘ። ሜሮጵዮስ ፈላስፋ ስለ ነበር ብላቴኖቹን ያስተምራቸው ነበር። ሲመለሱም ውኃና ስንቅ ለመያዝ መርከባቸው በቀይ ባሕር ዳርቻ ቆመች። በዚያን ጊዜ የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር ተጣልተው ነበርና በመርከቧ የነበሩትን ሰዎች ገደሉ። ሁለቱ ብላቴኖች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ሰዎቹም ራርተውላቸው ወደ አክሱም ንጉሥ ወሰዷቸው።

ልጆች! እስቲ በእነርሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡ። መምህራቸው ሞቷል፤ ወላጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ የሀገሩን ቋንቋ አያውቁም። ያ ክፉ ሥራ የሰዎች ሥራ ነበር። እግዚአብሔር ግን ብላቴኖቹን አልተዋቸውም።

ንጉሡ ኤዴስዮስን መጠጥ አሳላፊ አደረገው። ፍሬምናጦስ አስተዋይ መሆኑን ባየ ጊዜም የገንዘቡና የመዝገቡ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ሁለቱም የተሰጣቸውን ሥራ በታማኝነት ሠሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ንጉሡ ሊሞት ሲል ወደ ፈለጉበት እንዲሄዱ ነፃ አወጣቸው። እነሆ፣ የናፈቁት ቀን ደረሰ! የጢሮስ መንገድ ተከፈተላቸው።

ነገር ግን ንጉሡ ሲሞት ልጁ ገና ሕፃን ነበር። ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ሁለቱን ወንድማማቾች ለመነቻቸው። እምቢ ቢሉ የሚከለክላቸው አልነበረም። እነርሱ ግን ሕፃኑንና እናቱን በችግር ጊዜ ጥለው መሄድን አልወደዱም፤ እሺ ብለው ቆዩ።

ፍሬምናጦስ የቆየው እጁን አጣጥፎ አልነበረም። ለንግድ ወደ አክሱም የሚመጡ ክርስቲያኖችን እየፈለገ ያሰባስባቸው ጀመር። የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያገኙ ረዳቸው። የሀገሩ ሰዎችም ክርስትናን እንዲያውቁ አደረገ። መቆየቱ ብዙ ዓመት የፈጀበት ቢሆንም፣ የወንጌል ዘር የተዘራው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ሕፃኑም አደገና ነገሠ። እርሱም በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ አብርሃ ተብሎ የሚጠራው ንጉሥ ኢዛና ነው። በዚህ ጊዜ ወንድማማቾቹ አደራቸውን አስረክበው የየራሳቸውን መንገድ መረጡ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ሄደ፤ በዚያም ካህን ሆነ። ፍሬምናጦስ ግን በአክሱም ያሉት ክርስቲያኖች ጳጳስ ስለሌላቸው አዘነ። ስለዚህ ወደ ሀገሩ መሄዱን ትቶ ወደ ግብፅ፣ ወደ እስክንድርያ ተጓዘ።

በእስክንድርያ መንበር ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ328 ዓ.ም. የተሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ነበር። ፍሬምናጦስ ስለ አክሱም ምእመናን ሁሉንም ነገረው፤ ለእነርሱ የሚሆን ጳጳስ እንዲልክላቸውም ለመነው። ቅዱስ አትናቴዎስ ካህናቱን ሰብስቦ ከመከረ በኋላ ለዚህ ሥራ ከራሱ ከፍሬምናጦስ የሚሻል ሰው እንደሌለ ተረዳ። ሌላ ሰው ሊለምን የሄደው ፍሬምናጦስ ራሱ ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሕዝብ አስተምሮ አጠመቀ፤ ካህናትንም ሾመ። ንጉሥ ኢዛናም በክርስቶስ አመነ። አስቀድሞ የጨረቃ ምልክት የነበረበት የአክሱም ገንዘብ በዚሁ ንጉሥ ዘመን መስቀል ተቀረጸበት። እነዚህን ገንዘቦች ዛሬም በቤተ መዘክር ማየት ይቻላል። ሕዝቡም ፍሬምናጦስን ሰላምን ያመጣ አባት ነው ሲል አባ ሰላማ፣ ብርሃንን የገለጠ ነው ሲል ከሣቴ ብርሃን ብሎ ጠራው። የሢመቱ በዓል ታኅሣሥ 18 ቀን፣ የዕረፍቱ በዓል ደግሞ ሐምሌ 26 ቀን ይታሰባል።

ሩፊኖስ የተባለ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ይህን ታሪክ በጢሮስ ካህን ከነበረው ከኤዴስዮስ ከራሱ ሰምቶ ጽፎታል። ለዚህ ነው ታሪኩ እስከ እኛ የደረሰው። ስለዚህ ወደ ሀገሩ የተመለሰው ወንድምም ያለ ሥራ አልቀረም። እግዚአብሔር አንዱን በአክሱም፣ ሌላውን በጢሮስ አሠማራ። ጓደኛችሁ የሄደበት መንገድ የእናንተ መንገድ ላይሆን ይችላልና አትቅኑ፤ አትዘኑም።

እንግዲህ ልጆች! ፍሬምናጦስ በነፃ በተለቀቀበት ቀን ወደ ጢሮስ ሄዶ ቢሆን ኖሮ አንድ ንጉሥ ባላሳደገ፣ አንድ ሕዝብም ባላስተማረ ነበር። እናንተም ስለ ወደፊት ሕይወታችሁ ስታስቡ አስቀድማችሁ ጸልዩ። ዛሬ የተሰጣችሁን ትምህርትና የቤት ሥራ በታማኝነት ፈጽሙ። ስትመርጡም ወላጆቻችሁንና የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የለመናችሁት ቢዘገይ እግዚአብሔር ረሳኝ አትበሉ። ብላቴናው ከዛፍ ሥር ሆኖ ሲያጠና ምን እንደሚጠብቀው አላወቀም ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ያውቅ ነበር።

የአባ ሰላማ በረከት አይለየን፤ አሜን።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. ሁለቱ ብላቴኖች በባሕሩ ዳርቻ ሲገኙ ምን ያደርጉ ነበር?
2. ፍሬምናጦስ ነፃ ከወጣ በኋላ በአክሱም ለምን ቆየ? በቆየበት ጊዜስ ምን ሠራ?
3. ወደ እስክንድርያ የሄደው ምን ሊለምን ነበር? የተሰጠው መልስስ ምን ሆነ?
4. እናንተ ዘገየብን የምትሉት ነገር ምንድን ነው? እስኪደርስ ድረስ ምን መልካም ሥራ ልትሠሩ ትችላላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር