ትል አሳዳጊዋ ሠዓሊ፦ የማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ሕይወት

ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን በ52 ዓመቷ፣ በ1699 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥዕሎቿን ሸጠች፤ የ21 ዓመት ልጇን ዶሮቴያን ይዛም ከአምስተርዳም መርከብ ተሳፈረች። ጉዞው በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ ወዳለው የሆላንዶች ቅኝ ግዛት፣ ወደ ሱሪናም ነበር። በዚያ ዘመን ወደ ሱሪናም የሚሄድ አውሮፓዊ በአብዛኛው ስኳር ፈላጊ ነው። እሷ የሄደችው ግን ትልና ቢራቢሮ ፍለጋ ነው።

የተወለደችው በ1647 በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ነው። አባቷ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ቀርጾ የሚያትም ታዋቂ ሰው ነበር፤ ግን የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ሞተባት። እናቷ አበባ የሚሥል ሰው አገባች፤ ብሩሽ አያያዝ ያስተማራትም ይህ እንጀራ አባቷ ነው። በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማሳደግ ጀመረች።

ያኔ ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ነፍሳት ከጭቃና ከበሰበሰ ነገር እንዲሁ የሚፈጠሩ ይመስለው ነበር። ልጅቷ ግን ትሉ ከእንቁላል ሲፈለፈል፣ ሲበላ፣ ቆዳውን ሲቀይር፣ ራሱን በክር ሲጠቀልልና በመጨረሻም ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ በዓይኗ አየች። ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ትል ሁሉ ቤቷ ወስዳ ማሳደግ ሥራዋ ሆነ።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቹ ትሎች የሚበሉት ቅጠል የየራሳቸው ነው፤ ሌላ ብትሰጫቸው ተርበው ሊሞቱ ይችላሉ። ቅጠሉ በየዕለቱ ትኩስ መሆን አለበት። ክንፍ የሚያወጣበት ሰዓት ደግሞ ቀጠሮ የለውም፤ እኩለ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ካሜራ ሊፈጠር ገና ከመቶ ዓመት በላይ ይቀረው ስለነበር፣ ያየችውን ወዲያው በብራና ላይ በውሃ ቀለም መያዝ ነበረባት። ይህን ሁሉ ያደረገችው አግብታ ሁለት ሴቶች ልጆች እያሳደገች፣ በኑረምበርግ ከተማም ለባለጸጋ ልጆች ሥዕልና ጥልፍ እያስተማረች ነው። በ1679 ስለ ትሎች የጻፈችው መጽሐፍ ታተመ። በአንድ ገጽ ላይ ትሉ፣ የሚበላው ተክልና ክንፍ ያወጣው ነፍሳት አብረው ይታያሉ። ዛሬ ተራ ነገር ነው፤ ያኔ አዲስ ነበር።

ትዳሩ አልሰመረም። በ1685 ባሏን ትታ ከእናቷና ከልጆቿ ጋር ሆላንድ ውስጥ ወደሚኖር የሃይማኖት ማኅበር ገባች። በ1691 አምስተርዳም ሄዳ በብሩሿ ማደር ጀመረች። ሀብታሞች ከሩቅ አገር ያስመጧቸውን ቢራቢሮዎች በሣጥን ተሰክተው ታይ ነበር፤ ከየትኛው ትል እንደወጡ፣ ምን እንደበሉ የሚነግራት ግን አልነበረም። ወደ ሱሪናም ያስኬዳት ይህ ነው።

ሱሪናም የሸንኮራ አገዳና የባርነት ምድር ነበረች። የእርሻ ባለቤቶቹ ከስኳር በቀር ሌላ ነገር የምትፈልግ ሴት አይተው ሳቁባት። እሷም ባሮች ነበሯት፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ጫካው እሾህና ቁጥቋጦ ስለሆነባት በመጥረቢያ መንገድ የጠረጉላት እነሱ ናቸው። ስለ ተክሎቹና ስለ ነፍሳቱም ከአፍሪካውያንና ከአገሩ ተወላጆች ብዙ ሰምታለች፤ ከእነሱ መስማቷንም በመጽሐፏ አልደበቀችም።

በመጽሐፉ ቀይና ቢጫ የሆነ አበባ አለ፤ ዛሬ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ለጌጥ ተተክሎ የሚታይ ነው። ተክሉ መርዝ አለው። ሜሪያን እንደጻፈችው በባርነት የተያዙ ሴቶች፣ ልጆቻቸው ባሪያ ሆነው እንዳይወለዱ ብለው፣ በዚህ ተክል ጽንስ ያስወርዱ ነበር፤ ይህንንም ራሳቸው ነገሯት። ስለ ትል በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ማስገባቷ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ሙቀቱና ሕመሙ ሲበረቱባት በ1701 ተመለሰች፤ ሱሪናም የቆየችው 21 ወር ገደማ ነው። በ1705 60 ሥዕሎች ያሉት ትልቁ መጽሐፏ ወጣ። የመጀመሪያው ሥዕል አናናስ ነው፤ ያማረ አናናስ፣ ላዩ ላይ ግን በረሮ! በረሮ ልብስም ምግብም እንደሚያበላሽ አማርራ ጽፋለች፤ ሥዕሉን ግን እንደ ቢራቢሮ ተጠንቅቃ ነው የሠራችው። ሌላው ሥዕል ዘይቱን ነው (ዓረቦቹ ጀዋፋ የሚሉት እንጂ ዘይት የሚጨመቅበት አይደለም)። በዛፉ ላይ አንድ ትልቅ ጸጉራም ሸረሪት ትንሽ ወፍ ይበላል። ብዙ ምሁራን ተረት ነው ብለው ተሳለቁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሄንሪ ቤትስ የተባለ እንግሊዛዊ አማዞን ውስጥ እንዲህ ያለ ሸረሪት ወፍ ገድሎ አየ። ሁሉም ነገር ግን ትክክል አልነበረም፤ በሌሊት እንደ ፋኖስ ያበራል ብላ የጻፈችለት ነፍሳት ለምሳሌ ብርሃን የለውም።

በ1717 አምስተርዳም ውስጥ ሞተች። ብዙ ሥዕሎቿን የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ አስገዛ፤ ዶሮቴያም በኋላ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዳ ሠርታለች። ዩሮ ከመምጣቱ በፊት በነበረው የጀርመን 500 ማርክ ላይ የሜሪያን ፊት ታትሞ ነበር።

በ1701 ከሱሪናም ስትመለስ አንዲት የአገሩ ተወላጅ ሴት አብራት ባሕሩን ተሻግራ አምስተርዳም መጥታለች። በመርከቡ የተሳፋሪዎች መዝገብ ላይ የተጻፈላት ሕንዳዊት ተብሎ ብቻ ነው፤ ያኔ የአሜሪካን ተወላጆች እንዲያ ይሏቸው ነበርና። ስሟ አልተጻፈም።