ኤንዞ ፌራሪ

የስፖርት መኪናዎችን በመሥራት ስሙ በዓለም የታወቀው ኤንዞ ፌራሪ በሰሜን ኢጣሊያ፣ በሞዴና ከተማ በ1898 ተወለደ። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ነበረው። ኤንዞ የ10 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ወደ ቦሎኛ ወስዶ የመኪና እሽቅድምድም አሳየው፤ ከዚያ ወዲህ የልጁ ልብ ከመኪና አልተለየም።

ወጣትነቱ ግን በመከራ የተሞላ ነበር። በ1916 አባቱንና ወንድሙን ሞት ነጠቀው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ በተራራ መድፈኛ ጦር ውስጥ ሲመደብ ሥራው በበቅሎዎች ኮቴ ላይ የብረት ጫማ መምታት ነበር። ኋላ በፍጥነታቸው ዓለምን ያስደነቁ መኪናዎች ባለቤት የሆነው ሰው ከበቅሎ መጀመሩ የሚገርም ነው። በ1918 በአገራችን የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወቀው ወረርሽኝ በተስፋፋበት ጊዜ በጠና ታመመ፤ ከውትድርናም ተሰናበተ። ወደ ቶሪኖ ሄዶ በፊያት ፋብሪካ ሥራ ቢጠይቅም አልተቀበሉትም።

በ1920 አልፋ ሮሜዮ ወደተባለው ኩባንያ በተወዳዳሪ ነጂነት ገባ። በ1923 በራቬና አካባቢ በተደረገው ውድድር ባሸነፈ ጊዜ፣ በጦርነቱ የሞተው አብራሪ የፍራንቼስኮ ባራካ ወላጆች ልጃቸው በአውሮፕላኑ ላይ ያሠራውን የጥቁር ፈረስ ምልክት እንዲጠቀምበት ፈቀዱለት። በኋላ እግሩ የቆመው ያ ፈረስ እስከ ዛሬ የፌራሪ መኪና መታወቂያ ነው። በ1929 የራሱን የእሽቅድምድም ቡድን አቋቁሞ የአልፋ ሮሜዮን መኪናዎች ማወዳደር ጀመረ።

ከቡድኑ ድሎች ሁሉ የላቀው በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በጀርመን የተገኘው ነው። በኑርቡርግሪንግ ጎዳና ታዚዮ ኑቮላሪ በአሮጌ መኪና የጀርመኖችን ኃይለኛ መኪናዎች ቀደመ። እንዲህ ያለውን ድል የሙሶሊኒ መንግሥት ለራሱ ዝና ያውለው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ የዚያው መንግሥት ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ።

ፌራሪ ከአልፋ ሮሜዮ በ1939 ሲለይ ለአራት ዓመት ያህል በገዛ ስሙ እንዳይወዳደር ውል ታሰረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ደረሰ። በማራኔሎ መንደር የሠራው ፋብሪካ በአውሮፕላን ተደብድቦ ፈረሰ፤ እርሱ ግን መልሶ ሠራው። በ1947 በስሙ የተጠራችው የመጀመሪያይቱ መኪና፣ 12 ሲሊንደር ያላት 125 ኤስ፣ ከፋብሪካው ወጣች። በመጀመሪያ ውድድሯ ስትመራ ቆይታ የቤንዚን ፓምፗ ተበላሽቶ አቋረጠች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን በሮማ አሸነፈች። በ1951 ፌራሪ በእንግሊዝ አገር አልፋ ሮሜዮን በውድድር ድል አደረገ። ያሳደገውን ቤት ማሸነፍ ቀላል ስሜት አይሰጥምና ደስታው ከኀዘን ጋር የተቀላቀለ ነበር ይባላል።

ለገበያ የሚሠሩት መኪናዎች ለፌራሪ ዋና ዓላማው አልነበሩም፤ የሚሸጣቸው ለእሽቅድምድሙ ወጪ ገንዘብ ለማግኘት ነበር። የእሽቅድምድሙ ዋጋ ግን ገንዘብ ብቻ አልሆነም። በ1956 ተተኪዬ ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደረገበት ልጁ ዲኖ በ24 ዓመቱ ጡንቻን በሚያመነምን በሽታ ሞተ። በማግስቱ ዓመት፣ ሚሌ ሚሊያ በተባለው የሕዝብ መንገድ ውድድር፣ ጒዊዲጾሎ በምትባል መንደር አጠገብ ከፌራሪ መኪናዎች የአንዷ ጎማ ፈነዳ። ነጂውና ረዳቱ፣ ከመንገድ ዳር የቆሙም 9 ተመልካቾች ሞቱ፤ ከእነዚህም አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። ፌራሪ በሰው ሕይወት መጥፋት ተከሶ ከዓመታት ክርክር በኋላ በ1961 ነጻ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት በሞንዛ ሌላ የፌራሪ መኪና ከመንገድ ወጥታ ነጂውን ቮን ትሪፕስንና ከ10 የሚበልጡ ተመልካቾችን ገደለች። ፍርድ ቤት ነጻ ያወጣው ሰው ከሐሜት ነጻ አልወጣም፤ የነጂዎቹ ሞት እየተቆጠረ በጋዜጣ ይወቀስ ነበር። ልጁ ከሞተ በኋላ ውድድር ለማየት መሄዱን ከሞላ ጎደል ተወ፤ ጥቁር መነጽር አድርጎ በማራኔሎ ተቀመጠ። መኪና መሥራቱን ግን አላቆመም። በ1969 የኩባንያውን እኩሌታ የገዛው በወጣትነቱ ሥራ የነፈገው ፊያት ነው። ፌራሪ በ90 ዓመቱ፣ በኦገስት 1988 ሞተ።

ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ አውትራን የሚባል የቪዲዮ ጨዋታ አውጥቶ ነበር። በመስኮቱ ላይ የምትሮጠው ቀይ መኪና የፌራሪን ቴስታሮሳ አምሳል የያዘች ናት። በ1999 ያው የጨዋታ ሠሪ ዩ ሱዙኪ ኤፍ 355 በተባለችው መኪና ላይ የተመሠረተ ሌላ ጨዋታ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ በወጡት ጨዋታዎች የእውነተኛ መኪናዎች ቅርጽ እየተለካ፣ የሞተራቸው ድምፅ እየተቀዳ፣ ክብደታቸውና የጎማቸው አያያዝ በስሌት እየተቀመረ ይገለበጣል። ፌራሪ ለገንዘብ ሲል የሸጣቸውን መኪናዎች፣ አንዲቱን እንኳ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ወጣት በአዲስ አበባ የጨዋታ ቤት ተቀምጦ ይነዳቸዋል። በአውትራን መኪናይቱ ተገልብጣ ነጂውና አብራው ያለችው ሴት መንገድ ላይ ይወድቃሉ፤ ጥቂት ቆይተውም ተመልሰው ይሳፈሩና ጉዟቸውን ይቀጥላሉ።