በሴቪልያ ጎዳናዎች የሠዓሊው ዲየጎ ቬላስኬዝን የወጣትነት ፈለግ ተከትለን

ቅዱሳት ሥዕሎች ለትምህርተ ክርስቶስ ምን ያህል እንደሚረዱ ምዕመናንም ሆኑ ካቴኪስቶች ያውቁታል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለውን እየተመለከተ የጌታችንን ልደት፣ ሕማምና ትንሣኤ ይማራል። ይሁን እንጂ ሥዕሎቹን የምናውቃቸውን ያህል ሠዓልያኑን አናውቃቸውም፤ ያደጉበትን መንደርና በወጣትነታቸው ዓይናቸው ያረፈበትን ነገርም አንጠይቅም። ስለዚህ በዚህ እትም ውድ አንባቢዎቻችንን ይዘን በሐሳብ ወደ ደቡብ ስፔን፣ ወደ ሴቪልያ ከተማ እንጓዛለን። በዚያም ታላቁ ሠዓሊ ዲየጎ ቬላስኬዝ ተወልዶ እስከ 24 ዓመቱ የኖረባቸውን ሥፍራዎች በእግራችን እየተዘዋወርን እንጎበኛለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሴቪልያ በዚያ ዘመን ከስፔን ከተሞች ሁሉ በንግድ የላቀች ነበረች። ከባሕር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም የጓዳልኪቪር ወንዝ መርከቦችን እስከ ደጃፏ ያደርስላት ነበር። ከ1503 ጀምሮ ስፔን ከአሜሪካ ጋር የምታደርገው ንግድ በእርሷ በኩል እንዲያልፍ ስለ ተወሰነ ወርቁም ብሩም በወደቧ ይራገፍ ነበር። ከዚሁ ሀብት ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ይታነጹ ነበርና ሠዓሊ ሥራ አያጣም ነበር።

የጉዟችን መነሻ በአሮጌው ከተማ መካከል የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዲየጎ ጁን 6 ቀን 1599 የክርስትና ጥምቀትን የተቀበለው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአባቱ ወላጆች ከፖርቱጋል፣ ከፖርቶ ከተማ የመጡ ነበሩ፤ እናቱ ሄሮኒማ ቬላስኬዝ ግን የሴቪልያ ተወላጅ ነበረች። በዓለም ሁሉ የታወቀበት ስም ከእናቱ የወረሰው ነው። ለቤቱ የበኩር ልጅ ሲሆን የተወለደበት ቤትም ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ አይርቅም።

ከዚህ ወደ ምዕራብ አሥር ደቂቃ ያህል ብንራመድ የዱክ አደባባይ ወደሚባለው ሥፍራ እንደርሳለን። በመካከሉ በ1892 የተተከለው የቬላስኬዝ ሐውልት ቆሟል። ከአደባባዩ አጠገብ ቀድሞ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይገኝ ነበር፤ በ1868 ስለ ፈረሰ ዛሬ የለም። ይህ ሥፍራ ሁለት ነገሮችን ያስታውሰናል፤ የዲየጎን መምህርና የዲየጎን ጋብቻ።

መምህሩ ፍራንሲስኮ ፓቼኮ ይባል ነበር። ሠዓሊ ብቻ ሳይሆን መጻሕፍትን የሚያነብ፣ ከካህናትና ከሊቃውንት ጋር የሚወዳጅ፣ ቅዱሳን እንዴት ሊሣሉ እንደሚገባ አጥብቆ የሚመረምር ሰው ነበር። ስለ ሥዕል ጥበብ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ እርሱ ካረፈ በኋላ በ1649 በዚያው በሴቪልያ ታትሟል። ዲየጎ ወደ እርሱ ቤት የገባው በ1610 መጨረሻ፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ውሉ በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር ወር የተፈረመ ሲሆን ዘመኑ ስድስት ዓመት ነበር። በዚያ ጊዜ ልማድ ተማሪው በመምህሩ ቤት ይኖራል፤ ይበላል፣ ይለብሳል፤ በምትኩም ቀለም ይፈጫል፣ ሸራ ይወጥራል፣ ይላላካል፤ እንዲህ እያለም ሙያውን ይማራል።

ፓቼኮ ስለ ተማሪው ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ በተለይ የሚያስደንቅ ነው። ወጣቱ አንድ የገጠር ልጅ በገንዘብ ይዞ አንድ ጊዜ ሲያለቅስ፣ ሌላ ጊዜ ሲስቅ እየተመለከተ በሰማያዊ ወረቀት ላይ በከሰል ይሥለው ነበር። አስቸጋሪ የሆነውን የፊት ገጽታ ሁሉ ሳይሸሽ ይለማመድ ነበር። የሰውን ፊት አክብሮ ማየትን የተማረው ከንጉሥ ወይም ከመስፍን ፊት ሳይሆን ስሙ ካልተጻፈለት የድሃ ልጅ ፊት ነው።

ማርች 14 ቀን 1617 ዲየጎ በከተማይቱ የሠዓልያን መርማሪዎች ፊት ቀርቦ ተፈተነ፤ የራሱን የሥራ ቤት ለመክፈትም ፈቃድ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል 23 ቀን የመምህሩን ልጅ ኋናን በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በተክሊል አገባ። እርሱ 18፣ እርሷ 15 ዓመታቸው ነበር። ፓቼኮ ልጁን የዳረለት ጠባዩን፣ ንጽሕናውንና ተሰጥዎውን አይቶ መሆኑን ራሱ መስክሯል። በ1619 ፍራንሲስካ፣ በ1621 ኢግናሲያ ተወለዱ፤ ታናሺቱ ግን በሕፃንነቷ አረፈች።

በእነዚያ ዓመታት ሴቪልያ ስለ እመቤታችን ያለ አዳም ኃጢአት መፀነስ በታላቅ ክርክር ትናወጥ ነበር። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 5ኛ በ1617 የተቃራኒው ሐሳብ በአደባባይ እንዳይሰበክ ሲከለክሉ የከተማይቱ ሕዝብ በደስታ በዓል አደረገ። ቬላስኬዝም በዚያው ሰሞን ለካርሜላውያን ገዳም የእመቤታችንን ሥዕል ሣለ። ከእግሯ በታች ጨረቃ፣ በራሷ ዙሪያ ከዋክብት አሉ፤ ፊቷ ግን በሰፈሩ ውስጥ የምናገኛት ትሑት ልጃገረድ ፊት ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህንን እምነት በዶግማ ያወጀችው ከ200 ዓመት በላይ ቆይታ፣ በ1854 ነው።

በ1620 ደግሞ ፍራንሲስካዊቷ እናት ሄሮኒማ ደ ላ ፉዌንቴ በሴቪልያ አለፉ። በ60ዎቹ ዕድሜያቸው የሴቶች ገዳም ለመመሥረት ወደ ፊሊፒንስ፣ ወደ ማኒላ መጓዛቸው ነበር። ቬላስኬዝ መስቀልና መጽሐፍ በእጃቸው አስይዞ ሣላቸው። የፊታቸው መጨማደድና የዓይናቸው ጽናት ያለ ምንም ማስዋብ ይታያል።

ከአደባባዩ ጥቂት ወደ ምዕራብ ስናልፍ ዛሬ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሆነውን የቀድሞውን የምሕረት ማርያም ገዳም እናገኛለን። የዚህ ማኅበር መነኮሳት ልዩ ስእለት በምርኮ የተያዙ ክርስቲያኖችን መቤዠት ነበር። ፓቼኮም የመሥራቹን የቅዱስ ጴጥሮስ ኖላስኮን ታሪክ ለዚህ ገዳም ከሣሉት አንዱ ነው። ወጣቱ ዲየጎ ያደገው እንግዲህ ምርኮኛን ነጻ ማውጣት ታላቅ የፍቅር ሥራ ተብሎ በሚሰበክበት ከተማ ነው።

ነገር ግን እግራችንን ወደ ደቡብ፣ ወደ ወንዙና ወደ ካቴድራሉ ስንመልስ ሌላ ነገር ይጠብቀናል። የካቴድራሉ ዙሪያ ደረጃዎች የነጋዴዎች መሰብሰቢያ ነበሩ፤ ከሚሸጠውም መካከል ሰው ይገኝበት ነበር። በ1565 በተደረገ ቆጠራ በሴቪልያ ከ6,000 የሚበልጡ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። አብዛኞቹ ከአፍሪካ የመጡ ወይም የአፍሪካውያን ልጆች ነበሩ። በየጓዳው ምግብ የሚያበስሉት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ ልብስ የሚያጥቡት እነርሱ ነበሩ። አንድ ከተማ በአንድ በኩል ምርኮኛ እየተቤዠ በሌላ በኩል ምርኮኛ ይሸጥ ነበር፤ ብዙዎችም ይህ አልከበዳቸውም።

የመጨረሻው ማረፊያችን ከጥንቱ ቅጥር ውጭ በምሥራቅ በኩል የምትገኘው የመላእክት እመቤታችን ጸሎት ቤት ናት። በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የሴቪልያ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ጎንሳሎ ደ ሜና ለጥቁሮች መጠጊያ አቋቋሙ፤ ከዚያም የጥቁሮች ማኅበር ተወለደ። ማኅበሩ እስከ ዛሬ ድረስ በጸሎተ ሐሙስ ዑደት ያደርጋል። በኋለኛው ዘመን በስፔንና በፖርቱጋል የነበሩ እንዲህ ያሉ ማኅበራት የአክሱሙን ንጉሥ ቅዱስ ካሌብን ኤልስባን እያሉ ያከብሩ እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ይህች ጸሎት ቤት ለእኛም እንግዳ አትሆንብንም።

ወጣቱ ቬላስኬዝ በ1617ና በ1618 ገደማ ከሣላቸው ሥዕሎች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው በዚህ ሥፍራ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ሥዕሉ ዛሬ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ይገኛል። አንዲት ጥቁር ሴት ነጭ ሻሽ አስራ በወጥ ቤት ገበታ ላይ ጎንበስ ብላለች። በፊቷ ሳህኖች፣ ማሰሮ፣ ሙቀጫና ነጭ ሽንኩርት አሉ። እጇ ጋኔውን ይዟል፤ ራሷን ዘንበል አድርጋ የሆነ ነገር የምታዳምጥ ትመስላለች። ለረጅም ጊዜ ሥዕሉ ይህ ብቻ ይመስል ነበር። በ1933 ሲጸዳ ግን በላይዋ ተቀብቶ የነበረው ቀለም ተነሣና ከበስተኋላዋ አንዲት መስኮት ታየች፤ በመስኮቷም ውስጥ ከሙታን የተነሣው ጌታችን በኤማሁስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በማዕድ ተቀምጦ ተገኘ። ክርስቶስ ሁልጊዜም በዚያ ነበር፤ የተሸፈነው በሰው እጅ ነው።

ቬላስኬዝ በ1623 ወደ ማድሪድ ሄዶ የንጉሥ ፊልጶስ 4ኛ ሠዓሊ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ ኑሮው በቤተ መንግሥት ሆነ። ክብሩ እያደገ ሲሄድ በቤቱ ኋን ደ ፓሬኻ የሚባል፣ በሥራው የሚረዳው ሰው ነበረ፤ እርሱም ባሪያው ነበር። በጓዳ ያለችውን ሴት በዚያ ክብር የሣለው እጅ ሌላውን ሰው በባርነት ይዞ መኖሩን ልንሰውር አይገባንም። በ1650 ሁለቱ በሮም ሳሉ ቬላስኬዝ ፓሬኻን እንደ መኳንንት አቁሞ ሣለው፤ ሥዕሉም በማርች 19፣ በቅዱስ ዮሴፍ በዓል በፓንቴኦን ለሕዝብ ታይቶ ተደነቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 23 ቀን የነጻነቱን ደብዳቤ ፈረመለት፤ ሆኖም ገና አራት ዓመት እንዲያገለግል የሚያስገድድ ነበር። ፓሬኻ ነጻ ከወጣ በኋላ በራሱ ስም ሠዓሊ ሆነ፤ በ1661 የሣለው የቅዱስ ማቴዎስ መጠራት ዛሬ በማድሪድ በፕራዶ ሙዚየም ከጌታው ሥራዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛል። ቬላስኬዝ ኦገስት 6 ቀን 1660 አረፈ፤ ባለቤቱ ኋናም በስምንተኛው ቀን ተከተለችው።

እንግዲህ ከሴቪልያ ምን ይዘን እንመለሳለን? ቬላስኬዝ በ18 ዓመቱ ያየውን እውነት በኑሮው ለመፈጸም ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ ያም ቢሆን በቀጠሮ ነበር። ይህን የምንለው በሙት ላይ ለመፍረድ አይደለም። እኛም በቅዳሴ ጊዜ የምናምነውንና በቤታችን የምናደርገውን የሚለያይ ግድግዳ ስላለን ነው። ካቴኪስቶች የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24ን ሲያስተምሩ ይህንን ሥዕል ቢያስታውሱ መልካም ነው። እኛም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ለምሳ ስንቀመጥ ከጓዳ ያለችውን ልጅ እናስባት፤ በስሟ እንጥራት፣ ደመወዟን በጊዜው እንስጣት፣ ለቅዳሴና ለትምህርት የምትሄድበትን ጊዜ አንንፈጋት። በኤማሁስ እንጀራውን የቆረሰው ጌታ የጓዳውን በር አልዘጋውም።